ቡድን በኮቪድ ከተዘጋ በኋላ ተስተካካይ ጨዋታዎችን ማውጣት፦ ከየት ይጀመራል?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

ሰላም ለሁላችሁም። የስፖርት አስተዳደር ተማሪ ነኝ። የክፍል ሥራችን በ2020-21 የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ላይ ነው፤ በኮቪድ ምክንያት የተዘጋ ቡድን ሲመለስ ተስተካካይ ጨዋታዎቹ እንዴት እንደሚወጡ ቀን በቀን አስልተን እንድናቀርብ ተጠይቀናል። የተሰጠን መነሻ ይህ ነው (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆቹ)።

አንድ የዲቪዚዮን 1 የወንዶች ቡድን ሰኞ ፌብሩዋሪ 1, 2021 ከልምምድ በኋላ በደረሰው የምርመራ ውጤት ሦስት ተጫዋቾች ፖዘቲቭ ሆኑበት። የቀሩት ተጫዋቾችና አሰልጣኞች የቅርብ ንክኪ ስለነበራቸው ሁሉም ተገለሉ። ቡድኑ በየሳምንቱ ሁለት የኮንፈረንስ (እርስ በርስ የሚወዳደሩ ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር) ጨዋታ ነበረው። መደበኛው ውድድር እሑድ ማርች 7 ያበቃል፤ የኮንፈረንሱ ጥሎ ማለፍ ረቡዕ ማርች 10 ይጀምራል።

ጥያቄዎቼ፦ ስንት ተስተካካይ ጨዋታ ማስገባት ይቻላል? በምን ቅደም ተከተል? ሳይደረጉ የሚቀሩትስ በደረጃ ሰንጠረዡ ላይ ምን ይሆናሉ? የጀመርኩት «ቀድሞ የቀረው ቀድሞ ይደረግ» ብዬ ነው፤ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ ስደርስ ግን ቀኖቹ አልገጥም አሉኝ።

ከቤንች ጀርባ፦

እህቴ፣ የቀሩትን ጨዋታዎች ዝርዝር ለጊዜው ወደ ጎን አድርጊውና ሁለት ቀን ብቻ ጻፊ፦ ቡድኑ መጫወት የሚችልበትን የመጀመሪያ ቀንና የመጨረሻውን ቀን። የመጨረሻው ተሰጥቶሻል፤ ማርች 7 ነው። ዋናው ሥራ የመጀመሪያውን ማግኘት ነው።

የውድድር ዘመኑ ሲጀመር የነበረው የኤንሲኤኤ (የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) መመሪያ አንድ ሰው ፖዘቲቭ ከሆነ አብረውት ያሉት ለ14 ቀን እንዲገለሉ ነበር። ሲዲሲ (የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል) ዲሴምበር 2, 2020 ሁለት አጠር ያሉ አማራጮችን ጨመረ። ምልክት ያላሳየ ሰው ያለ ምርመራ ከ10 ቀን በኋላ፣ በ5ኛው ቀን ወይም ከዚያ ወዲህ በሰጠው ናሙና ኔጌቲቭ ከሆነ ደግሞ ከ7 ቀን በኋላ መውጣት ይችላል ተባለ። የትኛው እንደሚጸና የሚወስነው ግን የአካባቢው ጤና ቢሮ ነው፤ አሰልጣኙም ኮንፈረንሱም ሊሽሩት አይችሉም። ስለዚህ ሁለቱንም መንገድ አስልተሽ አቅርቢ።

አጭሩ መንገድ እንዲህ ይሄዳል። የመጨረሻው የጋራ ልምምድ ፌብሩዋሪ 1 ስለነበር ያ ቀን ዜሮ ነው። ናሙና ፌብሩዋሪ 6 ይሰጣል፣ ሰባተኛው ቀን ፌብሩዋሪ 8 ነው፣ ልምምድ ፌብሩዋሪ 9 ይጀመራል። ከ9 እስከ 13 አምስት የልምምድ ቀን፣ እሑድ 14 ዕረፍት፣ ሰኞ ፌብሩዋሪ 15 ጨዋታ። ከዚያ ቀን እስከ ማርች 7 ድረስ 21 ቀን አለ፤ ልክ ሦስት ሳምንት። በሳምንት ሦስት ጨዋታ ጣሪያ ነው ብንል 9 ቦታ ይገኛል። ከ9ኙ ስድስቱ ቀድሞ በወጣው መርሐ ግብር ተይዘዋል። ባዶ የሚሆነው 3 ነው፤ የቀሩት ጨዋታዎች ግን 4 ናቸው።

ረጅሙን ደግሞ እዪው። ጤና ቢሮው 14 ቀን ካለ ቡድኑ የሚወጣው ከፌብሩዋሪ 15 በኋላ ነው። ልምምድ ከ16 እስከ 20፣ ዕረፍት 21፣ ጨዋታ ሰኞ ፌብሩዋሪ 22። እስከ ማርች 7 የሚቀረው 14 ቀን፣ ማለትም 6 ቦታ ነው፤ አራቱ የተያዙ ናቸው። ባዶው 2፣ የቀሩት ጨዋታዎች ደግሞ 6። አንድ ሳምንት ብቻ በመዘግየቱ ዕዳው ከ4 ወደ 6 ወጣ፣ መክፈያው ከ3 ወደ 2 ወረደ። መምህራችሁ እንድታዩት የፈለጉት ይህን ይመስለኛል።

በሳምንት ሦስት ጨዋታ ጣሪያ ያልኩት ለድካም ብቻ ብዬ አይደለም። በኤንሲኤኤ ደንብ በውድድር ወቅት ተጫዋቹ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ በግዴታ ሥራ ላይ መዋል አይችልም፤ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀንም ሊሰጠው ይገባል። የጨዋታ ቀን፣ ምንም ያህል ቢረዝም፣ 3 ሰዓት ተብሎ ይቆጠራል። ሦስት ጨዋታ 9 ሰዓት ወሰደ፤ ለልምምድ፣ ለቪዲዮና ለክብደት 11 ሰዓት ይቀራል። ከሦስቱ ጨዋታ ሁለቱ ከሜዳ ውጪ ከሆኑ የዕረፍቱን ቀን የት እንደምታስቀምጪው ጭንቅ ነው፤ የጉዞ ቀን ላይ ማሳረፍ ይፈቀዳል፣ ተጫዋቹ ግን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ዋለ እንጂ አላረፈም።

አሁን ወደ ጨዋታዎቹ። ያገኘሻቸው ባዶ ቦታዎች ያንቺ ቡድን ባዶዎች ናቸው፤ ተጋጣሚውም በዚያው ቀን ክፍት መሆን አለበት። ኤክሴል ላይ የኮንፈረንሱን ቡድኖች በረድፍ፣ 21ዱን ቀን በዓምድ አድርጊ። የተያዘ የጨዋታ ቀን፣ የጉዞ ቀን፣ የሜዳው በሌላ ዝግጅት መያዝ፣ የፈተና ሳምንት፣ ሁሉም በየቀለሙ ይግባ። ከዚያ ሁለቱም ቡድኖች ክፍት የሆኑበትንና በፊቱም በኋላውም ቢያንስ አንድ ቀን ዕረፍት ያለበትን ቀን ፈልጊ። ብዙ ጊዜ አይገኝም። ሲጠፋ ሦስተኛ ቡድን ይገባበታል። «ሀ» እና «ለ» ሐሙስ ሊጫወቱ ተይዘው ከሆነ የእነሱን ወደ ማክሰኞ አምጥቶ «ለ»ን ሐሙስ ላንቺ ቡድን ነፃ ማውጣት ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው፤ ቡድን ለቡድን በስልክ ተነጋግሮ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

አንዳንድ ኮንፈረንሶች ይህን አስቀድመው አስበውበታል። ኤስኢሲ ቅዳሜ ማርች 6ን ለተስተካካይ ጨዋታ ባዶ አድርጎ አስቀመጠ። አትላንቲክ 10 ጥሎ ማለፉን ወደ ማርች 3 ስቦ ፍጻሜውን ብቻ ማርች 14 ላይ ተወው፤ መሐሉ መተንፈሻ ሆነ። ሚዙሪ ቫሊን፣ ቢግ ስካይንና ማውንቴን ዌስትን የመሳሰሉት ደግሞ ከአንድ ተጋጣሚ ጋር በአንድ ሜዳ ሁለት ጨዋታ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ እንዲደረግ አደረጉ። ጉዞውን በግማሽ ቀነሰው፤ አንድ ቡድን ሲዘጋ ግን የሚጠፋው በአንዴ ሁለት ጨዋታ ነው፣ ሁለቱንም መልሶ ለማውጣት ሦስት ተከታታይ ክፍት ቀን ያስፈልጋል። እኔ በዚህ አሠራር አልተደሰትኩበትም።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ «ቀድሞ የቀረው» የሚለውን ተዪው። በመጀመሪያ የሚገባው በውድድር ዘመኑ አንድ ጊዜ ብቻ ሊገናኙ የነበሩ ቡድኖች ጨዋታ ነው። ቢግ ቴን ያኔ 14 ቡድን ነበረው፣ የጨዋታው ቁጥር 20፤ እያንዳንዱ ቡድን ከ7 ተጋጣሚ ጋር ሁለት ጊዜ፣ ከ6 ጋር አንድ ጊዜ ይገናኛል። የአንድ ጊዜው ከቀረ ሁለቱ ቡድኖች ጭራሽ ሳይተያዩ ደረጃ ሊወጣላቸው ነው። ቀጥሎ ለደረጃው የሚወስን ጨዋታ፣ ከዚያ በአውቶቡስ የሚደረስበት ቅርብ ተጋጣሚ። ለመጓዝ አውሮፕላን የሚያስፈልገው ከታች ካለ ቡድን ጋር ሁለተኛ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ይቆይ፤ ቢቀርም አያስከፋም።

ወጌሻው፦

ከላይ ያለው ስሌት ጥሩ ነው፤ እኔ የምጨምረው ሰው ሁሉ በአንድ ቀን እንደማይመለስ ነው። ሁለት ቡድን እንዳለሽ አድርገሽ አስቢ።

የመጀመሪያው የንክኪ ቡድን ነው። እነዚህ አልታመሙም፣ ክፍላቸው ውስጥ በላስቲክና በብስክሌት ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ቆይተዋል። ሆኖም ሳምንት ሙሉ አልሮጡም፣ ከላይ ዘለው አልወረዱም፣ በድንገት አልቆሙም። አምስቱን የልምምድ ቀን በዚህ መልክ ብትከፋፍዪው ይሻላል፦ የመጀመሪያው ቀን ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ መነካካት የሌለበት፣ ውርወራና ቀላል ሩጫ። ሁለተኛው ቀን ያለ ተከላካይ አምስት ሆኖ የማጥቃት ቅብብል። ሦስተኛው ቀን በግማሽ ሜዳ መነካካት ይጀመራል። አራተኛው ቀን ሙሉ ሜዳ አምስት ለአምስት፣ በአራት በአራት ደቂቃ እየተቆራረጠ፤ የቴሌቪዥን ዕረፍቶች በየግማሹ 16፣ 12፣ 8 እና 4 ደቂቃ ከቀረ በኋላ ኳስ ሲቆም ስለሚሰጡ የጨዋታው ትንፋሽ ራሱ በአራት ደቂቃ የተመጠነ ነው። አምስተኛው ቀን ቀለል ያለ። ይህን አሳጥሮ በሦስተኛው ቀን ወደ ጨዋታ የገባ ቡድን የሚከፍለው በጭን ጀርባ፣ በብሽሽትና በባት ጡንቻ ነው። ተስተካካይ ጨዋታዎቹ ተደራርበው ስለሚመጡ እነዚህ ጉዳቶች የሚያገግሙበት ጊዜም የለም።

ሁለተኛው ቡድን ሦስቱ ፖዘቲቭ ተጫዋቾች ናቸው። በዚያን ጊዜው መመሪያ ምልክት ከታየባቸው ወይም ከተመረመሩበት ቀን ጀምሮ 10 ቀን ተለይተው ይቆያሉ፣ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋ 24 ሰዓት ሊያልፈው ይገባል። በእነዚህ ቀኖች ልምምድ ክልክል ነው፤ ምክንያቱ የልብ ጡንቻ መቆጣት ነው። ሲወጡ ሐኪም ያያቸዋል፤ እንደ ሕመሙ ክብደት የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የትሮፖኒን የደም ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። ከዚያ በኋላ በብዙ ቡድኖች የተሠራበት መሰላል አለ፦ ከከፍተኛው የልብ ምት 70 በመቶ ሳይደርሱ 15 ደቂቃ፣ ቀጥሎ 80 በመቶ ሳያልፉ 30 ደቂቃ፣ 45 ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ፣ ከዚያ ሙሉ ልምምድ። አንድ ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ ሦስቱ ሙሉ ልምምድ የሚገቡት ፌብሩዋሪ 18 ወይም 19 አካባቢ ነው። ያም ማለት የፌብሩዋሪ 15 ጨዋታና ምናልባት ከእሱ ቀጥሎ ያለው ያለ እነሱ ነው። ከሦስቱ ሁለቱ ኳስ አከፋፋዮች ከሆኑስ? ተስተካካዩን ሰኞ ላይ ከማስገባትሽ በፊት እነማን እንደሆኑ ጠይቂ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። በዚያን ጊዜው የሲዲሲ መመሪያ አንድ ሰው ታሞ ከዳነ በኋላ ለሦስት ወር፣ ምልክት እስካላሳየ ድረስ፣ ለንክኪ ተብሎ አይገለልም። የፒሲአር ምርመራ ከበሽታው በኋላ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ማሳየት ስለሚችልም በዚህ ጊዜ አይመረመርም። እነዚያ ሦስት ተጫዋቾች ስለዚህ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ ድረስ በሌላ ሰው ምክንያት ከሜዳ አይወጡም። ለመርሐ ግብር አውጪ ይህ ትልቅ መረጃ ነው፤ ብዙ ተጫዋች የታመመበት ቡድን ከተመለሰ በኋላ ዳግም የመዘጋት ዕድሉ ያነሰ ነው፣ ሁለት ሰው ብቻ የታመመበት ግን እንደተጋለጠ ነው።

ከረጅም ዕረፍት የሚመጣውን ዝገት በተመለከተ ከቤይለር የተሻለ ምሳሌ የለም። 17 አሸንፎ አንድም ሳይሸነፍ ፌብሩዋሪ 2 ከተጫወተ በኋላ ለ21 ቀን ቆመ። ፌብሩዋሪ 23 ሲመለስ ያገኘው አዮዋ ስቴትን ነው፤ ያ ቡድን በዚያ ዓመት በቢግ 12 አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ቤይለር በሜዳው ያሸነፈው 77 ለ 72 ብቻ ነበር። ከአራት ቀን በኋላ ካንሳስ ላይ 71 ለ 58 ተሸነፈ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ሽንፈት። እስከ ማርች 7 በ13 ቀን 5 ጨዋታ አደረገ፣ ቀስ በቀስም ተመለሰ፣ በመጨረሻም ዋንጫውን አነሳ። ለመመለሻ የመጀመሪያ ጨዋታ ደካማ ተጋጣሚ፣ በራስ ሜዳ። ይህን ከላይ ባለው ቅደም ተከተል ላይ ጨምሪበት።

ሠንጠረዥ ጠባቂ፦

ለዲሲ አካባቢ ሰዎች ደግሞ ተቃራኒው ምሳሌ ጆርጅታውን ነው። ጃንዋሪ 2021 ሲዘጋ 3 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ነበር፤ ጃንዋሪ 30 ተመልሶ ፕሮቪደንስን በሜዳው አሸነፈ፣ ማርች 13 ደግሞ ከስምንተኛ ደረጃ ተነሥቶ ክሬይተንን 73 ለ 48 ረትቶ የቢግ ኢስትን ጥሎ ማለፍ ወሰደ። ዕረፍቱ ሁሉንም አያዝግም።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ያልተደረጉት ምን ይሆናሉ? በ2020-21 ብዙዎቹ ኮንፈረንሶች ደረጃውን ያወጡት በነጥብ ወይም በድል ብዛት ሳይሆን በአሸናፊነት መቶኛ ነው። ያልተደረገ ጨዋታ «አልተካሄደም» ተብሎ ከሒሳቡ ይወጣል፤ ለማንም ድል ለማንም ሽንፈት አይሆንም። ፎርፌ ግን ሌላ ነው።

የመቶኛው ውጤት ምን እንዳመጣ ተመልከቺ። በቢግ ቴን ሚሺጋን የተዘጋው ጃንዋሪ 23 ነው፤ አዲሱ የቫይረሱ ዝርያ በዩኒቨርሲቲው ስፖርተኞች ላይ ስለተገኘ መላው የስፖርት ክፍል ለ14 ቀን እንዲቆም ተደረገ። ፌብሩዋሪ 14 ተመልሶ እስከ ማርች 7 በ22 ቀን 8 ጨዋታ አደረገ፤ በኮንፈረንስ ጨዋታዎች በመጨረሻ 14 አሸንፎ 3 ተሸነፈ። ኢሊኖይ 20ውንም ተጫውቶ 16 ለ 4 ሆነ። ኢሊኖይ ሁለት ተጨማሪ ድል አለው፣ ማርች 2 ሚሺጋንን በገዛ ሜዳው 76 ለ 53 ደብድቦታል። የመደበኛው ውድድር ዋንጫ ግን የሚሺጋን ሆነ፤ 82.4 በመቶ ከ80 በመቶ ይበልጣልና። በቢግ ኢስትም እንደዚሁ ነው፦ ቪላኖቫ 11 ለ 4፣ ክሬይተን 14 ለ 6። አንደኛ ቪላኖቫ። ከ20 ጨዋታ 15 ብቻ ተጫውቶ።

ስለዚህ «ከቤንች ጀርባ» ካለው በአንድ ነገር እለያለሁ። ምርጫውን ለቡድኖቹ ምቾት መተው አይገባም፤ ከላይ የተቀመጠ ቡድን ከባዱ ተስተካካይ ጨዋታ ባይገኝለት ይጠቀማል። ቀኑ ጠፋ ማለት ቀላል ነው። የኮንፈረንሱ ጽሕፈት ቤት ገና ከመጀመሪያው፣ ማን መሪ እንደሚሆን ሳይታወቅ፣ የትኞቹ ጨዋታዎች ቅድሚያ እንዳላቸው ጽፎ ማስቀመጥ ነበረበት። ርቀትን ሦስተኛ መስፈርት ማድረጉን እቀበላለሁ፤ ለደረጃው የሚወስነው ጨዋታ ግን ሩቅም ቢሆን፣ አውሮፕላንም ቢያስፈልገው፣ መጀመሪያ ይግባ።

የሜዳ መቀያየርንም ተጠንቀቂ። ጉዞ ለመቀነስ ተብሎ ከሜዳ ውጪ የነበረው ጨዋታ ወደ ሜዳ ሲመጣ የብሔራዊ ውድድሩ መራጮች የሚያዩት ዋጋ ይለወጣል። በኔት (መራጮቹ በሚጠቀሙበት የቡድኖች ደረጃ) 60ኛ የሆነ ተጋጣሚን በእሱ ሜዳ ብታሸንፊ አንደኛው ሩብ (ድሎች በክብደት ከሚመደቡባቸው አራት ክፍሎች ከፍተኛው) ውስጥ ይገባል፤ ከሜዳ ውጪ እስከ 75ኛ ድረስ ያለው እዚያ ይቆጠራልና። ያንኑ ቡድን በራስሽ ሜዳ ብታሸንፊ ሁለተኛው ሩብ ነው፤ በራስ ሜዳ አንደኛው ሩብ የሚያበቃው 30ኛ ላይ ነው። ጠርዝ ላይ ላለ፣ መመረጡ እርግጥ ላልሆነ ቡድን ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሌላው ወለል ደግሞ አለ። ለዚያ ዓመት ብሔራዊ ውድድር ለመታጨት ቢያንስ 13 ጨዋታ ከዲቪዚዮን 1 ቡድኖች ጋር መደረግ ነበረበት፤ ጣሪያው 27 ነበር። ብዙ ጊዜ የተዘጋ ቡድን 13 ያልሞላ ከሆነ የተስተካካዩ ተጋጣሚ ማንነት ሁለተኛ ጉዳይ ነው። የሚገኘውን ይጫወት።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

እጅግ አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር አልጠራልኝም። አንደኛ፣ ጨዋታ ሊደረግ ስንት ተጫዋች መኖር አለበት? ፎርፌ የሚሆነውስ መቼ ነው? ሁለተኛ፣ ፌብሩዋሪ 12 ላይ፣ ልምምድ በተጀመረ በአራተኛው ቀን፣ አንድ አዲስ ፖዘቲቭ ቢወጣ ስሌቱ ሁሉ ይፈርሳል?

ሠንጠረዥ ጠባቂ፦

ቁጥሩ እንደየኮንፈረንሱ ነው። ኤስኢሲ ሰባት የስኮላርሺፕ ተጫዋችና አንድ አሰልጣኝ፣ ቢግ 12 ስድስት ተጫዋችና አንድ አሰልጣኝ ብለው ነበር። ከዚያ በታች የወረደ ቡድን ጨዋታው እንዲራዘም መጠየቅ ይችላል፤ እጫወታለሁ ካለም አይከለከልም። በብሔራዊው ውድድር ግን አምስት ጤነኛ ተጫዋች በቂ ነበር።

ፎርፌ የመጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። ለ2021-22 ክትባት ስለነበረ ብዙ ኮንፈረንሶች «መጫወት ያልቻለ ፎርፌ ይሰጣል» ብለው ጀመሩ። ዲሴምበር 2021 ኦሚክሮን ሲመጣ የተከተቡ ቡድኖችም በየቀኑ መዘጋት ጀመሩ፤ ኤሲሲና ቢግ ኢስትን ጨምሮ ደንቡ ወዲያው ተቀየረና ሰባት ተጫዋች የሌለው ቡድን ለጨዋታው ሌላ ቀን እንዲወጣለት፣ ካልተቻለ «አልተካሄደም» እንዲባል ተወሰነ። ሥራሽ በ2020-21 ላይ ከሆነ ፎርፌውን በአንድ አረፍተ ነገር እለፊው።

ወጌሻው፦

ለሁለተኛው ጥያቄ፦ የግድ አይፈርስም። በአራት ቀን ልምምድ ውስጥ ያ ሰው ከማን ጋር ከ6 ጫማ ባነሰ ርቀት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተደምሮ 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ እንደቆየ ይጣራል። ያኔ የቅርብ ንክኪ መለኪያ ይህ ነበር። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልምምድ በትንሽ በትንሽ ቡድን፣ አንዱ ቡድን ከሌላው ሳይቀላቀል መሆን ያለበት። ኳስ አከፋፋዮቹን ሁሉ በአንድ ቡድን ካደረግሽ አንድ ፖዘቲቭ ሦስቱንም ይወስዳል፤ በየቡድኑ አንድ አንድ አድርጊ። ልብስ መቀየሪያ ክፍል፣ የቪዲዮ ክፍልና የምግብ ጠረጴዛ ከሜዳው የባሰ አደገኛ ናቸው፤ እዚያ ሰው ቁጭ ብሎ ይቆያል።

ምርመራው በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ቀን እየተዘለለ ነበር። ጨዋታው ቅዳሜ ከሆነ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ጨዋታ ሰኞ ሲሆን ግን የእሑድ ናሙና በፒሲአር ከሆነ ላቦራቶሪው ውጤቱን በጊዜው ላያደርስ ይችላል። ተስተካካይ ጨዋታ ባልተለመደ ቀን ስታስገቢ ላቦራቶሪውም ያንን ቀን እንደሚሠራ አረጋግጪ፤ ካልሆነ በ15 ደቂቃ ውጤት የሚሰጠው የአንቲጂን ምርመራ ይዘጋጅ።

ሦስተኛው ዳኛ፦

ማንም ስለ ዳኞች አላነሳም። በአንድ ጨዋታ ሦስት ዳኛ አለ፤ የኮሌጅ ዳኞች ተቀጣሪ ሳይሆኑ በራሳቸው የሚሠሩ ናቸው፣ አንዱ ዳኛ በሳምንት ውስጥ ለሁለት ሦስት ኮንፈረንስ ያጫውታል። እነሱም እንደ ተጫዋቹ በመደበኛነት ይመረመራሉ። ማክሰኞ ሌሊት ወጥቶ ሐሙስ የሚደረግ ተስተካካይ ጨዋታ ማለት ሦስት ነፃ የሆኑ፣ የቅርብ ጊዜ ኔጌቲቭ ውጤት ያላቸው፣ በመኪና የሚደርሱ ሰዎች ማግኘት ነው። ከዚያ ቴሌቪዥኑ። የአየር ሰዓቱ ካልተገኘ ጨዋታው ከሰዓት በኋላ ወይም በኢንተርኔት ሥርጭት ይሄዳል፤ ለዚህም የጣቢያው ስምምነት ያስፈልጋል። ሜዳውን የሴቶቹ ቡድንም ይጠቀምበታል፤ የወንዶቹ ተስተካካይ የሴቶቹን የተያዘ ቀን ገፍቶ መግባት የለበትም፣ እነሱም ተስተካካይ አላቸው። ስለዚህ ከሠንጠረዡ ላይ አራት ዓምድ ጨምሪ፦ ዳኛ፣ ቴሌቪዥን፣ ሜዳ፣ ላቦራቶሪ። አራቱም «አዎ» ካላሉ ቀኑ ክፍት አይደለም።

ከኮንፈረንስ ውጪ ያለው ደግሞ የተለየ ዓለም ነው። እዚያ ቀን አውጪ ጽሕፈት ቤት የለም፤ ያለው በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የተፈረመ ውል ነው። ወረርሽኝ «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል» ተብሎ ውሉ ላይ ከተጻፈ ቅጣት የለም፣ ግን መልሶ የመጫወት ግዴታም የለም። ጎንዛጋና ቤይለር ዲሴምበር 5, 2020 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ሊጫወቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ሲቀራቸው ተሰረዘ፤ ሁለቱም ወገን ሌላ ቀን ቢፈልግም በመደበኛው ውድድር አልተገኘም። የተገናኙት ኤፕሪል 5 በፍጻሜው ነው፣ ቤይለር 86 ለ 70 አሸነፈ።

እዚህ የሚሠራው ዘዴ የተረፉትን ማገናኘት ነው። ዲሴምበር 18, 2021 ላስ ቬጋስ ላይ ኦሃዮ ስቴትና ዩሲኤልኤ ሲዘጉ ያለ ተጋጣሚ የቀሩት ኬንታኪና ኖርዝ ካሮላይና እርስ በርስ ተጫወቱ፤ ሁለቱም እዚያው ነበሩ፣ ሜዳው፣ ዳኛውና ካሜራው ዝግጁ ነበር። በዚያው ሳምንት ሉዊቪል ሲዘጋ ኬንታኪ በምትኩ ዌስተርን ኬንታኪን በሜዳው አገኘ። ቅርብ ተጋጣሚ ነው፣ በአውቶቡስ ይመጣል። ምሳሌው የቀጣዩ ዓመት ቢሆንም ዘዴው ለናንተም ሥራ ይሆናል፦ ተጋጣሚሽ ቢዘጋ በሦስት ሰዓት የአውቶቡስ ጉዞ ውስጥ ያሉትን ቡድኖች ስም አስቀድመሽ ጽፈሽ ያዢ።

ከቤንች ጀርባ፦

ሠንጠረዥ ጠባቂ ያለውን ተቀብያለሁ፤ ለደረጃው የሚወስነው ከርቀት በፊት ይግባ።

የመጨረሻውን ሳምንት ግን ሁላችሁም ዘላችሁታል። ለብሔራዊው ውድድር ወደ ኢንዲያናፖሊስ የሚሄድ ቡድን ከመድረሱ በፊት ሰባት ተከታታይ ቀን ኔጌቲቭ ማምጣት ነበረበት። ዱክ፣ ካንሳስና ቨርጂኒያ በኮንፈረንሳቸው ጥሎ ማለፍ መሐል በፖዘቲቭ ውጤት ወጡ፤ ካንሳስና ቨርጂኒያ ለብሔራዊው ውድድር ደረሱ፣ የዱክ የውድድር ዘመን ግን እዚያው አለቀ። ቪሲዩ ደግሞ እዚያ ከደረሰ በኋላ ማርች 20 ከኦሪገን ጋር ሊጫወት ሰዓታት ሲቀሩት ጨዋታው «አልተካሄደም» ተብሎ ኦሪገን አለፈ። ስለዚህ ቦታው እርግጥ የሆነለት ቡድን በማርች 1 እና 7 መካከል ተስተካካይ ጨዋታ መጨመር አይፈልግም፤ አይፈረድበትም። ጠርዝ ላይ ያለው ግን ይለምናል። ከባዶዎቹ ሦስት ቦታዎች ሁለቱን ከፌብሩዋሪ 15 እስከ 28 ባለው ውስጥ ጨርሺ፣ ሦስተኛውን ማርች 1 ወይም 2 ላይ አድርጊው። ዳግም መዘጋት ቢመጣ የሚቀረው ያ ሦስተኛው ስለሚሆን እዚያ የምታስቀምጪው ጨዋታ በደረጃው ላይ ከሁሉም ያነሰ ክብደት ያለው ይሁን፤ አራተኛውን ጨዋታ ደግሞ «አልተካሄደም» ብለሽ መዝግቢውና በመቶኛው ስሌት ሁለቱንም ውጤት፣ ቢያሸንፍና ቢሸነፍ ደረጃው የት ይሆን እንደነበር፣ ከጎኑ ጻፊ።